የሐኪሙ ዕዳ ለማን ነው?

ልዩ ሙያ ለመምረጥ የተዘጋጀ ወጣት ሐኪም የውስጥ ደዌ ሕክምናን ሲያስብ፣ ሥልጠናው ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ደመወዙ ምን ያህል እንደሆነ፣ በአገር ውስጥ ወይስ በውጭ አገር መሥራት እንደሚሻል መጠየቁ አይቀርም። ወላጆቹን የሚጦርና ታናናሾቹን የሚያስተምር ሰው እንዲህ ቢያሰላ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ የሕሊና ጥያቄ ያለ ይመስለናል፤ ይኸውም ሐኪሙ ዕውቀቱን ያገኘው ከማን ነው? የሚለው ነው።

ከመምህራን፣ ከመጻሕፍትና ትምህርት ቤቱን ካቆመው ሕዝብ ነው ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን የውስጥ ደዌ ሐኪም ገላን በምላጭ የሚከፍት ሳይሆን በመጠየቅ፣ በመዳሰስና በማዳመጥ የሚመረምር በመሆኑ፣ ዋናው ትምህርት ቤቱ የሕመምተኛው አልጋ ነው። እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች፣ በልጅነቱ በያዘው የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልቡ ቫልቮች የተጎዱበትና ትንፋሽ ያጠረው ሰው ደረቱን ገልጦ ይቀመጣል። ተማሪዎችም በየተራ የልቡን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ያበጠ ጉበቱን ይዳስሳሉ፤ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁታል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። ምሳሌው ሕመምተኛውን ይመክራል፤ ምሥጢሩ የተገለጠለትን ሰው ግዴታ ግን ለእኛ ለሕሊናችን ይተወዋል። የመጀመሪያው ምርመራ ለሕመምተኛው ሕክምና ጠቅሞት ይሆናል፤ የዐሥረኛው ተማሪ እጅ ግን ለተማሪው እንጂ ለእርሱ የጨመረለት ነገር የለም። እንግዲህ ይህ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜም ድኻ የሆነው፣ ገላውን እንደ መጽሐፍ ከፍቶ አበድሯል። ተማሪው ሳይመረቅ አበዳሪው ቢሞት ዕዳው ይሰረዛልን? እኛስ አይሰረዝም እንላለን፤ የሚከፈለው ነገ በዚያው አልጋ ላይ ለሚተኛው ነው።

ሐኪምም ሰው ነው፤ መድኃኒትና መሣሪያ በሌለበት፣ ኑሮን በማይሸፍን ደመወዝ እስከ መቼ ይታገላል? የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ባሕር ማዶ የሄደውም ቢሆን የሚያክመው ሰውን ነውና አንፈርድበትም፤ በማስተማርና በመርዳትም ሊከፍል ይችላል። ዕዳን በልዩ ልዩ መንገድ መክፈል አንድ ነገር ነው፤ ዕዳ የለብኝም ማለት ግን ሌላ ነው። ከዚህም በላይ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የልብ ድካም በአንድ ቀን መድኃኒት የሚሰናበቱ ሳይሆኑ ዓመታት የሚዘልቁ በመሆናቸው፣ ሕመምተኛው ከዕውቀት ጋር ጽናትን ይሻል።

በኢጣልያ አገር በናፖሊ ከተማ የኖረው የውስጥ ደዌ ሐኪም ዮሴፍ ሞስካቲ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ከተመረቀ በኋላ «የማይድኑ» በሚል ስም በሚጠራው ሆስፒታል አገልግሏል። ተመራማሪና መምህር ስለነበረ ዕውቀትን አልናቀም፤ ነገር ግን ዕውቀቱን ወደ ሕሙማን አልጋ መልሶ ይወስድ ነበር፤ ከድኾችም ዋጋ አይቀበልም ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1927 ጧት አስቀድሶና ቆርቦ፣ ከሆስፒታል ሥራው ተመልሶ በቤቱ ሕሙማንን ሲመረምር ከቆየ በኋላ፣ በወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በ46 ዓመቱ ዐረፈ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1987 ቅድስናውን ዐውጀዋል።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ ሐኪሙን ዕዳህን ክፈል የምንል ሁሉ፣ እኛም በእርሱ እጅ የምንድን ነንና ባለዕዳዎች መሆናችንን አንርሳ። ሌሊቱን ሲያነጋ የሚያርፍበት፣ ልጆቹን የሚያሳድግበት ኑሮ እንዲኖረው መጣር የኅብረተሰቡ ድርሻ ነው። ለወጣቱ ሐኪምም የምንለው ይህ ነው፦ የምትሠራበትን ቦታ ስትመርጥ ደመወዙንና ዓመታቱን ቁጠር፤ ደረቱን ገልጦ ያስተማረህንም ሰው አብረህ ቁጠር።