ውኃን በመስመር ስለ መወሰን

ሰው የፈጣሪን ሥራ በማዕዘንና በቁጥር ሲለካ ምሥጢሩን ይደፍራልን፣ ወይስ ያከብረዋል? ይህን ጥያቄ የፎገራ ሜዳ ያስነሣል፤ ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ካለው ከጉና ተራራ የሚመነጩት የርብና የጉማራ ወንዞች፣ ጣና ሐይቅ ከመግባታቸው በፊት ይህን ሜዳ በክረምት ያጥለቀልቁታል፤ ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎችም ያን ጊዜ ሰፍተው በበጋ ሲሸሹ፣ ገበሬው ውኃውን እግር በእግር ተከትሎ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል።

ከ1838 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን በአገራችን የተዘዋወረው ፈረንሳዊው ሊቅ አንትዋን ዳባዲ፣ ከተራራ ወደ ተራራ በመነጽር እያነጣጠረ ማዕዘኑን ሲመዘግብ፣ የቦታውንም ከፍታ ውኃ ከሚፈላበት የሙቀት መጠን ሲያሰላ፣ ለሰሜኑ ደጋ የጸና የካርታ መሠረት ጣለ። ይሁን እንጂ ከስፍራው የማይነቃነቀው ተራራ ለማዕዘን ቢታመንም፣ በየወቅቱ ዳርቻውን የሚለውጠው ረግረግ በአንዲት የቀለም መስመር ሊታሰር አይችልም።

እኔ እንደማምነው፣ በጥንተ ፍጥረት ውኃንና የብስን የለየ አምላክ ለሰው ልቡና መለኪያን የሰጠው ሥራውን አይቶ እንዲያደንቅ ነውና፣ ልኬት ኃጢአት የሚሆነው ካርታ ሠሪው በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረውን ሁሉ እንደሌለ ሲቆጥር ነው። ስለዚህ ረግረጉ ባዶ መሬት ተብሎ ከመጠንፈፉ በፊት፣ መሐንዲሱ የክረምቱን ውኃ ከበጋው እርሻ ጋራ አብሮ ይጻፍ፤ ካርታ ምስክርነት ነውና፣ በሐሰት መመስከርም በሕገ እግዚአብሔር የተከለከለ ነው።