ቁራኛ ወይስ ዋስ?



«ቁራኛ» የሚለውን ቃል ዛሬ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከሕመም ጋር ተያይዞ ነው። ለረጅም ጊዜ ታምሞ የተኛውን «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን፤ ከመጠጥ መላቀቅ ያቃተውንም «የሱስ ቁራኛ» እንለዋለን። ይሁንና ቃሉ ሰውን ከአልጋና ከሱስ ጋር ከማያያዙ በፊት ሰውን ከሰው ጋር ያያይዝ ነበር። በቀድሞው የአገራችን የዳኝነት ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ አንዱ ከሌላው እንዳይሸሽ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር፤ ነገሩ ቀለል ሲልም በነጠላቸው ጫፍ ይቋጠሩ ነበር። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ አብረው ያድራሉ።

ይህን ልማድ ለዛሬው ትውልድ ያስታወሰ አንድ የአገራችን ፊልም አለ። ሞገስ ታፈሰ አዘጋጅቶ በ2019 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «ቁራኛዬ» ታሪኩ የሚካሄደው በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ነው። አንድ የሰምና ወርቅ ተማሪ በሚወዳት ሴት ምክንያት ከአንድ ባላባት ጋር ይጣላል፤ ሁለቱም በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ንግሥቲቱ ችሎት የሚወስደውን ረጅም መንገድ ይያያዙታል። የፊልሙን ፍጻሜ ላላዩት እንተወው፤ ለእኛ የሚጠቅመን መንገዱ ነው። ሰው በማይገኝበት ምድረ በዳ በአንድ ብረት የታሰሩ ሁለት ሰዎች ቢጠላሉም ቅሉ አንዱ ያለ ሌላው አይራመድም። አንዱ ቢወድቅ ሌላውን ይዞት ይወድቃል፤ አንዱ ቢታመም ሁለቱም ይቆማሉ። ጌታና ድኻ መባባሉ ሁሉ በሰንሰለቱ ርዝመት ይወሰናል።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፦ መቀራረብ ወዳጅነትን ይወልዳልን? ሰው ካልመረጠው ሰው ጋር ሲታሰር በመካከላቸው የሚበቅለው ፍቅር ነው ወይስ መቻቻል ብቻ?

ጥንታዊው ፈላስፋ አርስቶትል ወዳጅነትን በሦስት ይከፍላል፦ ስለ ጥቅም፣ ስለ ደስታ፣ ስለ መልካምነት። ከጥቅም የተነሣው ጥቅሙ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ስለ መልካምነት የሆነው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ሰዎች ብዙ ጨው አብረው ሳይበሉ እርስ በርስ አይተዋወቁም የሚለውን የዘመኑን ብሂል ፈላስፋው በዚህ ቦታ ያነሣዋል። ሰንሰለት ሁለት ሰዎችን ጨው አብረው እንዲበሉ ሊያስገድድ ይችላል። አንዱ ለሌላው መልካም እንዲያስብ ግን ማስገደድ አይችልም። ስለዚህ ቁራኝነት ብቻውን ሲፈታ የሚቀር ነገር የለውም።

ነገር ግን በዚያው ልማድ ውስጥ ከሰንሰለቱ ጎን የቆመ ሌላ ነገር ነበር፤ እርሱም ዋስ ነው። ተከራካሪው «ዋስ ጥራ» ይባላል። ዋስ ያገኘ እስከ ቀጠሮው ቀን በነጻነት ይሄዳል። ብረቱ የሚመጣው ለሰውዬው ቃል የሚገባለት ሲታጣ ነው። ቁራኛም ሆነ ዋስ ሰውን ከሰው ጋር ያስራሉ፤ ልዩነታቸው ቁራኛው የሚታሰረው በግድ ሲሆን ዋሱ ግን ወድዶ መታሰሩ ነው።

ከሰንሰለቱ ወደ ገመድ

አሁን ከአገራችን ጥቂት እንራቅና በተቃራኒው መንገድ ስለሄደ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንናገር። በ1985 እ.ኤ.አ. ጆ ሲምፕሰንና ሳይመን የትስ የተባሉ ሁለት ወጣት እንግሊዛውያን በፔሩ አገር 6,344 ሜትር ከፍታ ባለው ሲውላ ግራንዴ ተራራ በምዕራብ ገጹ በኩል ወጡ። እነዚህ እንደ ቁራኞቹ በዳኛ ትእዛዝ ሳይሆን በገዛ ፈቃዳቸው በአንድ ገመድ የተያያዙ ጓደኞች ነበሩ። ሲወርዱ የሲምፕሰን እግር ተሰበረ። በዚያ ከፍታ እግሩ የተሰበረ ሰው እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ የትስ ግን አልተወውም። ሁለት ገመድ ቀጥሎ፣ በበረዶው ውስጥ መቀመጫ ቆፍሮ፣ ጓደኛውን በማዕበልና በጨለማ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ያወርደው ጀመር። በመጨረሻ ሲምፕሰን ሳይታወቅ ከገደል አፋፍ አልፎ በአየር ላይ ተንጠለጠለ። አንዱ ሌላውን አያይም፤ አይሰማም። የትስም ክብደቱን ተሸክሞ ከቆየ በኋላ የተቀመጠበት በረዶ ከሥሩ እየተናደ መንሸራተት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ቢላዋ አውጥቶ ገመዱን ቆረጠ።

ሲምፕሰን ጥልቅ በሆነ የበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ወደቀ። በማግሥቱ የትስ ስንጥቁን ባየ ጊዜ ጓደኛው ሞቷል ብሎ ደምድሞ ወደ ሰፈራቸው ወረደ። ሲምፕሰን ግን አልሞተም ነበር፤ ከስንጥቁ ወጥቶ፣ ያለ ምግብ፣ ሦስት ቀን ያህል በደረቱ እየተሳበ፣ ጓደኛው ሰፈሩን ለቅቆ ሊሄድ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ደረሰ። ታሪኩ በ1988 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ተቺንግ ዘ ቮይድ» የተባለ ፊልም ሆኗል።

የትስ ገመዱን በመቁረጡ በደለን? የሥነ ምግባር ትምህርት ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መለኪያ አለው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ ሰው ራሱን ስለ መከላከሉ ሲያስተምር አንድ ድርጊት ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችል፣ አንዱ የታሰበ፣ ሌላው ከታሰበው ውጭ የሆነ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። በኋላ የተነሡ መምህራን ይህን ዘርዝረውታል፦ ድርጊቱ በራሱ ክፉ እንዳይሆን፤ የታሰበው መልካሙ ውጤት እንዲሆን፤ መልካሙ በክፉው አማካይነት እንዳይገኝ፤ ምክንያቱም ከጉዳቱ ጋር የሚመዛዘን እንዲሆን። የትስ የፈለገው ከክብደቱ መላቀቅን እንጂ የጓደኛውን ሞት አልነበረም። ለመዳኑ የጓደኛው መሞት አላስፈለገውም፤ ይህም ሁለቱም በሕይወት በመትረፋቸው በተግባር ታይቷል። ባይቆርጥ ኖሮ ሁለቱም አብረው በወደቁ ነበር። ስለዚህ ድርጊቱ አሳዛኝ ነው እንጂ ክህደት ነው ማለት አይቻልም።

ሆኖም ከፍርዱ ይልቅ ልብ የሚነካው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሌሎች ተራራ ወጪዎች የትስን በነቀፉት ጊዜ የቆመለት ማን ነው? ገመዱ የተቆረጠበት ሰው ነው። ሲምፕሰን መጽሐፉን ሲጽፍ ጓደኛው ሊያደርገው የሚችለውን ሁሉ እንዳደረገ ለመመስከር ጻፈ። ገመዱ ተቆርጦ ሳለ፣ የሚያስገድደው ሰንሰለት ሳይኖር፣ ለጓደኛው ስም ዋስ ሆነ። ቁራኛ ማሰሪያው ሲፈታ ይሄዳል፤ ዋስ ግን ማሰሪያው ከተቆረጠ በኋላ እንኳ ይቆማል።

የጀሞ ደረጃዎች

ይህ ነገር ለእኛ ለጀሞ ሰዎች ሩቅ አይደለም። ቀድሞ የእርሻ መሬት በነበረው በዚህ ሰፈር ጀሞ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የተባሉት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሲሠሩ ቤቱ የታደለው በዕጣ ነው። ጎረቤቱን መርጦ የገባ የለም። በመሀል ከተማ የአንድ ግቢ ሰው፣ የአንድ እድር አባል የነበረው ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ ደረጃ ተገናኘ። «የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995» ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ ቧንቧውን የሁላችን አድርጎታል። ከላይኛው ፎቅ የፈሰሰው ውኃ የታችኛውን ጣሪያ ያበላሻል፤ አንዱ ለጥበቃ መዋጮ ባይከፍል ሌላው ይከፍላል፤ ሮቶው ሲደርቅ ሁሉም ጄሪካን ይዞ ይወርዳል። በዕጣ ተቆራኝተናል ቢባል ስሕተት አይሆንም። መነጠሉም አለ፤ በር ለበር እየኖሩ የማይተዋወቁ፣ የብረት በራቸውን ዘግተው በሕዝብ መካከል እንደ ምድረ በዳ ብቻቸውን የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ እንበል። የትስ ገመዱን የቆረጠው በማዕበል መካከል፣ የተቀመጠበት በረዶ እየተናደ ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገመድ የምንቆርጠው ገደል በሌለበት ነው። በቧንቧ ውኃ የተነሣ ሁለት ቤተሰቦች ለዓመታት ሰላምታ ይነፋፈጋሉ፤ በአንዱ ቤት ለቅሶ ሲሆን ሌላው በኮሚናሉ ድንኳን ሳይቀመጥ ያልፋል። ይህን በጭንቅ ጊዜ ሕግ ማስተባበል አይቻልም፤ የሚመዛዘን ምክንያት የለውምና።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ዋስ ሲናገር ጠንቃቃ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ሳያስቡ ዋስ መሆንን ያስጠነቅቃል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 29 ግን ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ እንደሚሆን ተናግሮ፣ ራሱን እንዳይጥል መጠንቀቅን ያክልበታል። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና ሲጽፍ የአናሲሞስን ዕዳ በራሱ ላይ ያደርጋል፤ የዕብራውያን መልእክትም ጌታችንን የሚሻለው ኪዳን ዋስ ይለዋል። እንግዲህ ዋስነት ሞኝነት አይደለም፤ ዐቅምን አውቆ፣ ወድዶ ሸክም መያዝ ነው። ከሰውዬው ጋር ዘወትር መጣጣምን አይጠይቅም፤ በሌለበት ስሙን መጠበቅን፣ ሲወድቅ ሳይጠራ መድረስን፣ ስሕተቱን ከማውራት በፊት የተቀመጠበት በረዶ ምን ያህል እየተናደ እንደ ነበር መጠየቅን ይጠይቃል።

ጎረቤታችንን ዕጣ ሰጥቶናል፤ ያን አንለውጠውም። በዚያው ደረጃ ላይ ዋስ መሆን ግን በእጃችን ነው።

ለካቴኪስቶች የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሳይመን የትስ በቆረጠው ገመድና እኛ በቂም በምንቆርጠው ግንኙነት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

2. በምንኖርበት ሕንፃ ዋስ የሌለው ሰው ማን ነው? ሕመምተኛ፣ ብቸኛ አረጋዊ፣ ስሙ የጠፋ ጎረቤት ይኖራልን?

3. የበደለንን ሰው በሌሎች ፊት በእውነት መከላከል ከይቅርታ የሚለየው በምንድን ነው?