ስለ ተወደደ መኪናና ስለ ቤተ ሰብ ጉዞ

ሰው የሚወዳትን መኪና ሰጥቶ ቤተ ሰቡን በምትችል በሌላ መኪና ሲለውጥ ያደረገው ነገር የገበያ ሥራ ብቻ ነውን? ወይስ የግብረ ገብ ጥያቄ አለበት? ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። ብረት በብረት ተለወጠ፤ ዋጋው ተከፈለ፤ የባለቤትነቱ ስም ተዛወረ፤ ከዚህ በላይ ምን አለ? ይላሉ። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለንም። ሰው ምን እንደሚወድ የሚታወቀው በሚናገረው ሳይሆን አንዱን ለማግኘት ሌላውን በሚለቅበት ሰዓት ነውና፤ የለቀቀውንም በምን ዓይነት ልብ እንደ ለቀቀው ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ በሚናገረው ቃል ይገለጻልና።

በአገራችን ሰውና የሚቀመጥበት እንስሳ በክብር የተሳሰሩ ነበሩ። የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» መባላቸው ከዚህ የመጣ ነው። ገደልና ዳገት በበዛበት በወሎ ደጋም እግሯን የማትስት በቅሎ ለባለቤቷ ሀብትም ማዕርግም ነበረች። በኋላ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. ኦቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ መኪና በአገሩ እየበዛ ሲሄድ፣ ያ የፈረስና የበቅሎ ፍቅር ቀስ በቀስ ወደ ብረቱ ተላለፈ። ዛሬም ባለ መኪናው መኪናውን በቁልምጫ ይጠራታል፤ በእሑድ ጧት ያጥባታል፤ ድምፅዋንም ከሩቅ ይለያል።

ጥያቄውን በሐሳብ ብቻ እንዳናየው የመካነ ሰላምን መንገድ እንውሰድ። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረና ምድር፣ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ እርስዋ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በጣርማ በር ኢጣሊያኖች የፈለፈሉትን ዋሻ አቋርጦ፣ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ቀምሶ በኮምቦልቻ በኩል እንደ ገና ወደ ደሴ ይወጣል። በዚህ ጊዜ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል፤ ጉዞው ግን አላለቀም። ከደሴ ወደ ምዕራብ ዞሮ በአቅስታ በኩል ብርዳሙን የለጋምቦን ደጋ ተሻግሮ ነው ወደ ቦረና የሚደርሰው። በአንድ ጉዞ ደጋውንም ቆላውንም፣ ጉሙንም አቧራውንም ያያል።

በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ለብዙ ዓመት ቮልስዋገን የነዳ ሰው ቢወዳት የሚገርም አይደለም። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ የሚገፏትን ጎማዎች ስለሚጫናቸው በጭቃ ላይ መሬቱን ትቆነጥጣለች። የምትቀዘቅዘው በአየር እንጂ በውኃ አይደለምና ራዲያተሯ ፈልቶ ዳገት ላይ አታቆምም። የዚህችው ዓይነት መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ የመጨረሻይቱ በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ ወጣች፤ ነገር ግን በእኛ አገር ከተሞች ዛሬም ስትሄድ ትታያለች። ወጣቱ መምህር ወይም ጸሐፊ በመጀመሪያው የሥራ ዘመኑ ቆጥቦ ቢገዛትና በእርስዋ አገሩን ቢያውቅ፣ ፍቅሩ ከንቱ ነው ለማለት አንደፍርም።

ዳሩ ግን ቤቱ እንደ ነበረ አይቀርም። ሁለት የነበሩት አምስት ይሆናሉ፤ አያት ይጨመራሉ። ለበዓል ወደ ዘመድ ሲሄዱ ልብሱና ስንቁ ይጫናል፤ ሲመለሱም የጤፉ ኬሻና የማሩ ቆርቆሮ ይከተላል። መኪናይቱ ግን ያው ሁለት በር ናት፤ አያት ወደ ኋላ ወንበር ለመግባት የፊቱ ወንበር እስኪታጠፍ ቆመው ይጠብቃሉ። እናት አንዱን ልጅ ታቅፋ፣ ሁለተኛውን በጎኗ ደግፋ፣ እግሯ እስኪደነዝዝ ትሄዳለች። በድንገት ፍሬን ቢያዝ በጭን ላይ ያለ ሕፃን ምን እንደሚያገኘው መናገር አያስፈልግም። እንግዲህ አንዱ ጉዞ ሁለት ጉዞ ሆነ ማለት ነው፤ ለሚነዳው ደስታ፣ ለሚከተሉት ድካምና አደጋ። የግብረ ገቡ ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አሪስጣጣሊስ ስለ ወዳጅነት ባስተማረበት ክፍል ግዑዝ ነገርን መውደድ ወዳጅነት ሊባል እንደማይገባው ያስረዳል። ዕቃው ፍቅርን አይመልስም፤ እኛም ለዕቃው ለራሱ መልካም አንመኝለትም። ወይን ጠጁ እንዳይበላሽ የሚመኝ ሰው ለራሱ እንዲቆይለት ነው የሚመኘው። ይህ እውነት ከሆነ የተሸጠች መኪና ተከዳች ልትባል አትችልም። ይሁን እንጂ ሰውየው ቁልፉን ሲያስረክብ ማዘኑን መንቀፍ አይገባም። የሚያዝነው ለብረቱ ብቻ አይደለምና፤ በብረቱ ውስጥ የወጣትነቱ ዓመታት፣ ብቻውን የተጓዘበት ሌሊት፣ በሕይወት የሌለ ጓደኛው የተቀመጠበት ወንበር አለ። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ስለ ተወሰነ፣ አንድ ጊዜ ከእጅ የወጣችውን የምትተካ ማግኘት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ኀዘኑ ምክንያት አለው። ኀዘኑ ግን ፈራጅ ሊሆን አይገባውም።

«ይህች መኪና ነጻነቴ ናት፤ ቤተ ሰቡ በአውቶቡስ ይሂድ» የሚል ሰው ቢኖር፣ አባቶቻችን «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ያሉትን እናስታውሰዋለን። ከቤተ ሰቡ ተነጥሎ የሚሄድበት መንገድ ረጅም መስሎ ይታየዋል፤ የሚደርስበት ቤት ግን ከቀን ወደ ቀን ይጠብበታል።

ከቦረና ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የመቅደላ አምባም በዚህ ነገር የሚያስተምረን አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ፣ ተራራው እየተቆረጠና መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት አስጎትተው በ1860 ዓ.ም. ከአምባው ላይ አደረሱት። ንጉሡ የአገርና የዙፋን ጉዳይ ነበረባቸውና እኛ በእርሳቸው ላይ አንፈርድም። ተራ ሰዎች ግን ከዚህ ታሪክ ለራሳችን የምንጠይቀው ጥያቄ እናገኛለን፤ ይህ የምንወደው ዕቃ እኛን ይሸከመናልን? ወይስ እኛ እንጎትተዋለን? አንድ ዕቃ የቤቱን ሰው ሁሉ ጎታች ሲያደርግ፣ አገልጋይነቱ አብቅቶ ጌትነቱ ጀምሯል።

እንግዲህ መለወጡ ተገቢ መሆኑን ካመንን፣ የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ይኸውም የአለዋወጡ ልብ ነው። የሚወዳትን መኪና ስለ ቤተ ሰቡ የሸጠ፣ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሸጠበትን ውለታ ሲቆጥር የሚኖር አባት አለ። ልጁ በትምህርቱ ሲደክም «ስለ አንተ ብዬ ነው የሸጥኋት» ይላል፤ ሚስቱ አንድ ነገር ስትጠይቀው «ከዚያ ወዲህ ለራሴ ምን አለኝ?» ይላል። ይህ ሰው መኪናይቱን ለገዢው አስረከበ እንጂ ለቤተ ሰቡ አልሰጠም፤ አበደረ። ልጁም ሳይበደር ባለ ዕዳ ሆኖ ያድጋል፤ ሊከፍለው የማይችለውን ዕዳ የሚጠይቀውን አባቱንም መሸሽ ይማራል። እንዲህ ሆኖ ከመስጠት አለመስጠት ሳይሻል አይቀርም፤ በጠባቧ መኪና ውስጥ የሚደክመው ጉልበት ነበር፣ በሰፊው መኪና ውስጥ ግን ልብ ይደክማል።

ደግሞስ ስለ እናቲቱ ምን እንላለን? ባልዋ በመካነ ሰላም በሚገኘው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲመደብ በደሴ የጀመረችውን የማታ ትምህርት ትታ የተከተለችው ሴት የሸጠችው መኪና የላትም፤ ሥዕሉም በግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። የለቀቀችው ነገር ድምፅ ስላልነበረው ማንም አልቆጠረላትም። ባልየው የእርሱን መሥዋዕት ከመቁጠሩ በፊት የእርስዋን ቢቆጥር ኖሮ ሒሳቡ ምናልባት በዝምታ በተዘጋ ነበር። ስለዚህ ለቤተ ሰብ የሚደረግ ነገር ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን አለበት፤ የአባት ማጣት ታሪክ፣ የእናት ማጣት ግን ልማድ ሆኖ ሊቀር አይገባም።

በሌላው ወገን ቤተ ሰቡም ግዴታ አለበት። የተሰጠውን እንደ ተገቢ ድርሻ ቆጥሮ የሰጪውን ኀዘን የሚያፌዝበት ቤት ደግነትን ያደርቃል። አባት ስለ ቀድሞ መኪናው ሲያወራ ልጆች ቢሰሙት፣ አልፎ አልፎም ለብቻው የሚሄድበት መንገድ ቢፈቀድለት፣ ፍቅሩን ቀበረ እንጂ አልተቀማም ማለት ነው። ውለታን አለመቁጠር የሰጪው፣ ውለታን አለመርሳት የተቀባዩ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች ሲቀያየሩ ቤቱ ይታወካል።

ሰፊው መኪና ከተገኘም በኋላ ፈተናው አያበቃም። በገጠር መንገድ ዳር በሽተኛ ይዞ የቆመ ሰው፣ ለገበያ የሄደች አሮጊት፣ ለፈተና የሚሄድ ተማሪ ባዶውን ወንበር ያያሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ወንበርም ለአንዱ ባለቤት ሲሆን የነዳጅ ወጪ፣ ለብዙ ሰው ሲሆን ጌጥ ነው። ለልጆቹ ሲል ጠባቧን የለወጠ ሰው ለጎረቤቱ በር ቢዘጋ፣ የሰፋው መኪናው እንጂ እርሱ አይደለም።

ስለዚህ ይህን ልውውጥ ሊያደርግ ለሚያስብ ሁሉ ምክራችን አጭር ነው። ለገዢው የመኪናይቱን ጉድለት ሳይደብቅ ይንገር፤ የተወደደ ነገር በውሸት ሊሸኝ አይገባውምና። ዘይት መመልከትን፣ የሞተር ድምፅ መለየትን፣ በቁልቁለት ፍጥነት መቀነስን፣ እርስዋ ያስተማረችውን ትዕግሥት ሁሉ ለልጆቹ ያስተምር፤ ይህ ከእርስዋ ጋር የማይሸጥ ሀብት ነው። ቢያዝንም አንድ ቀን በግልጥ ይዘን፤ ከዚያ በኋላ ግን ሒሳቡን ይዝጋ። የሰጡትን ነገር ዋጋ ማወቅ አስተዋይነት ነው፤ ዋጋውን ከተሰጠው ሰው ላይ በየቀኑ መጠየቅ ግን ስጦታውን መልሶ መውሰድ ነው።