ምሕረትና የማይታየው ፍጻሜ

በቅርቡ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ጥቂት ልብ ወለድ መጻሕፍት አንብቤ ጨረስሁ፡፡ ታሪካቸው የሚፈጸመው በምድር ካርታ ላይ በማይገኝ አገር ነው፡፡ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ባልደረባዬ መጽሐፉን በእጄ አይተው «ወንድሜ፥ የጠንቋይና የዘንዶ ተረት ላንተ ምን ያደርግልሃል?» ሲሉ ጠየቁኝ፡፡ ያን ጊዜ የሰጠኋቸው መልስ ደካማ ነበረ፡፡

አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙትን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለውታል፤ ልብ ወለድ የሚለውም ቃል ዛሬ የዚህ ዐይነት ጽሕፈት ሁሉ መጠሪያ ነው፡፡ ልብ የወለደው ነገር አልተደረገም እንላለን እንጂ እውነት የለበትም አንልም፡፡ አርሱላ ለጉዊን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ ወጣት ጠቢብ በትዕቢቱ ክፉ ጥላ ከጨለማ ያወጣል፤ ብዙ ከሸሸው በኋላም ዞሮ በገዛ ስሙ ይጠራዋል፡፡ ይህን ያነበበ ሰው ታሪኩ የሩቅ አገር ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም፡፡

እኔን ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ግን የቶልኪን ሥራ ነው፡፡ «ሆቢት» በተባለው መጽሐፉ ቢልቦ የሚባል ትንሽ ፍጡር ከተራራ ሥር በጨለማ ዋሻ ውስጥ አስማተኛ ቀለበት ያገኛል፡፡ የቀለበቱ ባለቤት የነበረው ጎለም ሊገድለው ሲፈልገው ቢልቦ በቀለበቱ ተሰውሮ ሰይፍ በእጁ ይዞ በአጠገቡ ይቆማል፡፡ አንድ ጊዜ ቢወጋው መንገዱ ይከፈትለታል፡፡ ነገር ግን የዚያን ጐስቋላ ብርሃን የሌለው ዕድሜ በልቡናው አይቶ ስለ ራራለት፥ ሳይነካው በላዩ ዘልሎ ያመልጣል፡፡

በ1937 በወጣው በመጀመሪያው እትም ይህ ነገር አልነበረም፤ በዚያ ጎለም በእንቈቅልሽ ከተረታ በኋላ እንግዳውን መንገድ መርቶ በሰላም ይለየዋል፡፡ ደራሲው ምሕረቱን የጨመረው በ1951 በታተመው በሁለተኛው እትም ነው፡፡ ትልቁ መጽሐፍ «የቀለበቶቹ ጌታ» በ1954 እና በ1955 ሲወጣ የቢልቦ ወራሽ ፍሮዶ ቀለበቱን ሊያጠፋ እሳተ ገሞራው አፍ ድረስ ደርሶ በመጨረሻይቱ ሰዓት ይሸነፋል፤ ቀለበቱን የራሴ ነው ይላል፡፡ ጎለም ጣቱን ነክሶ ቈርጦ፥ በደስታ ሲዘል ከነቀለበቱ እሳት ውስጥ ይወድቃል፡፡ ቢልቦ ያን ዕለት ገድሎት ቢሆን ኖሮ ዓለሙ አይድንም ነበር፡፡

እንግዲህ ምሕረት ጥሩ የሆነው ትርፍ ስላስገኘ ነውን? እንዲህ ቢሆን ንግድ ይሆናል፡፡ ደግሞም ኪሳራውን መርሳት አይገባም፤ ያው የተማረው ጎለም በሥቃይ ተይዞ የቢልቦን ስምና አገር ለጠላት ተናግሯል፥ ፍሮዶንም መርቶ ለአስፈሪ ሸረሪት አሳልፎ ሰጥቶታል፡፡ ቢልቦ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላወቀም፤ ያየው በፊቱ የነበረውን ሰቈቃ ብቻ ነው፡፡ የሥራው ክብርም፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ከዚህ ላይ ነው፡፡

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተረከበውን ገንዘብ ያጐደለ አንድ ዝቅተኛ ሠራተኛ ጉዳዩ ለእኛ ቀርቦ ነበርና «ከሥራ ይሰናበት» ብለው ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ፡፡ ደንቡ ከእኛ ጋር ነበረ፤ ዛሬም ውሳኔው ስሕተት ነበረ አልልም፡፡ ቢልቦ ሲምር አደጋ ላይ የጣለው የራሱን ነፍስ ነው፤ እኔ ብምር ግን የምለግሰው የሕዝብን ገንዘብ ነበረ፡፡ በሌላው ሰው ሀብት መራራት ቀላል ነው፡፡

ሆኖም ያን ጧት ሰውዬው በበሩ አጠገብ ቆሞ ሳለ ቀና ብዬ ፊቱን አላየሁም፤ መዝገቡን ብቻ ነበር የማየው፡፡ የፈረምሁት የሕዝብን ገንዘብ ለመጠበቅ ነውን ወይስ ጉዳዩ ከምሳ በፊት እንዲያልቅልኝ? ባልደረባዬ ተረቱ ምን ያደርግልሃል ሲሉኝ ይህን ልነግራቸው ይገባኝ ነበር፤ አፍሬ ግን ጊዜ ማሳለፊያ ነው አልኋቸው፡፡