ሆድ ይፍጀው

ከቃሊቲ መናኸሪያ በጠዋት ወደ ደቡብ ለሚሳፈር ሰው የሚሰጥ የታወቀ ምክር አለ፦ «ምንም አትብላ፣ ውሃም አትጠጣ፣ ስትደርስ ትደርስበታለህ።» ለሴት ልጅ ሲሆን ጠበቅ ተደርጎ ይነገራል። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጂንካ የሚሄደውማ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ሃይላንዱ የሚከፈተው ለጉሮሮ ማርጠቢያ ያህል ብቻ።

ምክሩ ከንቱ አይደለም፤ የመንገድ ምግብ ስንቱን አጣጥፎታል። ግን ሆድን አይጠብቅም። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ትልቁ አንጀት ከዓይነ ምድር ላይ ውሃውን ይመጣል፣ ያ ደግሞ ይደርቃል። «ውጣ» የሚለው ስሜት ደጋግሞ ሲታፈን ደግሞ ይዳከማል። መንገደኛው ሆዱ ተነፍቶ ይደርስና በባዶ አንጀቱ ክትፎ ላይ ይወድቃል!

ለሆድ የሚበጀው ሌላ ነው። ውሃ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት፣ ትኩስ የበሰለ ምግብ፣ ራስህ የላጥከው ሙዝ፣ የታጠበ እጅ። ቤት የሚፈላ ውሃ አዲስ አበባ ላይ 3 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃው ዝቅ ባለ ሙቀት ነው የሚፈላው። ተቅማጥ ከያዘ፦ 1 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ እስከ አፉ።

እሺ፣ ጠጣች እንበል። የት ትውረድ?

ወንዱ ቁጥቋጦ አይጠፋበትም። እሷ ግን አስቁሙልኝ ለማለት 60 ሰው ፊት አፏን መክፈት አለባት። ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው የፍጥነት መንገድ ከሆነ ደግሞ ግራ ቀኙ አጥር ነው፣ እንደልብ አይቆምም። ረዳቱ «ትንሽ ቻይው» ይላታል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በልቡ ሒሳብ እየሠራ ነው። 5 ደቂቃ በ60 ሰው ሲባዛ 300 ደቂቃ፣ 5 ሰዓት ሙሉ! ለአንድ ሰው ብሎ የብዙውን ጊዜ ማባከን ተገቢ ነው?

ሒሳቡ ልክ ይመስላል፣ ግን የጎደለው ነገር አለ። የቆጠረው የጠየቀችውን ብቻ ነው። ከኋላ ወንበር ጥርሷን ነክሳ የተቀመጠችውን፣ እርጉዟን፣ ስኳር ያለባቸውን አባት፣ ከትናንት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰችውን ተማሪ አልቆጠረም። እነሱ ዝም ስላሉ ወጪያቸው ዜሮ ሆኖ ተመዘገበ። የብዙኃኑ ጥቅም የምንለው ነገር ስንት ጊዜ እንዲህ ባፈሩ ሰዎች ዝምታ ተደጉሞ ይሆን?

አንዳንዱ «ያው ጾም ነው፣ ምን አለበት» ይላል። ጾም በፈቃድ ነው፤ እስልምና ደግሞ ለመንገደኛ በረመዳን እንኳ ማፍጠር ይፈቅዳል።

ሆድ በአማርኛ የምስጢርም ማስቀመጫ ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንዘጋዋለን፣ በሽታውንም ጭምር። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስጨነቀው ወረርሽኝ በይፋ ሲጠራ የኖረው «አተት» እየተባለ ነው፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ኮሌራ የሚለው ስም ያስፈራላ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በፈረንጆቹ 2010 ንጹህ ውሃንና መጸዳጃን ሰብዓዊ መብት ብሎ ሲያጸድቅ 122 አገሮች ደግፈዋል፤ የእኛዋ አገር ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት 41 አገሮች አንዷ ነበረች።

መብት ብሎ መጀመር ትልቅ ይመስላል። አውቶቡሱ ውስጥ ግን በጣም ትንሽ ነገር ናት። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ከፍ ባለ ድምፅ «መጀመሪያ የምንቆመው ሞጆ ነው፣ ከዚያ ዝዋይ፤ ሁለቱም ጋ ሽንት ቤት አለ» ቢል ማንም እጁን አያወጣም፣ ማንም አያፍርም። እሷም ገና ቃሊቲን ሳትለቅ ሃይላንዷን ከፍታ ስንት ጉንጭ እንደምትጠጣ ራሷ ትወስናለች።