ባሮሎን የሚገዛ ጊዜንም አብሮ ይግዛ

ልጆቼ፣ «ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ» እያሉ ያሳደጉን አባቶች መጠጥን ያለ ወጉ አይነኩትም ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ተምራችኋል፣ ሠርታችኋል፣ አገር አይታችኋል። ለሠርግም፣ ለክርስትናም፣ ለወዳጅ ቤት ምርቃትም ውድ የጣሊያን ቀይ ወይን ይዞ መሄድ ልማድ እየሆነ መጥቷል። ክፉ ልማድ ነው አልልም። የሚያሳዝነኝ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ሳያውቅ የሚከፍተው፣ ሳያውቅም የሚያስቀምጠው ሰው መብዛቱ ነው። ስለዚህ ከብዙዎቹ መካከል ስለ አንዱ፣ ስለ ባሮሎ ልንገራችሁ። የአንዱን ጠባይ አጥርቶ ያወቀ ሰው ስለ ሌላው ለመጠየቅ አይቸገርም።

ባሮሎ የሚገኘው በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ፣ አልባ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ካሉት የላንጌ ኮረብቶች ነው። ሕጉ ይህን ስም የፈቀደው በ11 መንደሮች ክልል ለሚበቅል ወይን ብቻ ነው፤ ዘሩም አንድ ብቻ ነው፣ ኔቢዮሎ። ይህ ዘር ገበሬውን ያደክማል። ከጎረቤቶቹ ቀድሞ ያቆጠቁጥና ከሁሉም ዘግይቶ ይበስላል፤ ለቀማው አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ነው። ገበሬውም ፀሐይ አጥብቃ የምታየውን፣ በብርዱ ወራት በረዶው ቀድሞ የሚቀልጥበትን ተዳፋት ለኔቢዮሎ ሰጥቶ፣ ባርቤራና ዶልቼቶ የተባሉትን ቻይ ዘሮች በቀረው መሬት ይተክላል።

ባሮሎ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ቀለሙ ስስ ነው። ይህን አይቶ «ውሃ የገባበት ነው» የሚል አይጠፋም። መልክ ታጥቦ አይጠጣም፣ ልጆቼ! አሽትቱት፤ የጽጌረዳና የሬንጅ ሽታ አብሮ ይመጣል። አንዴ ስትጎነጩት ደግሞ ያለ ስኳር፣ ብዙ የፈላ ሻይ ቅጠል የጠጣችሁ ያህል ድዳችሁን ጨምድዶ ይይዛችኋል። ይህ ታኒን የሚባለው ነገር ነው፤ ከፍሬው ልጣጭና ፍሬ ውስጥ ካለው ዘር ይወጣል። በወጣትነቱ የሚያስቸግረው ይኸው ታኒን ከኮምጣጣነቱ ጋር ሆኖ ወይኑን ለዓመታት ያቆየዋል። ጊዜ ሲያልፍ ይለዝባል፣ ከፊሉም ወደ ጠርሙሱ ግርጌ ይዘቅጣል። ቀለሙ ወደ ሸክላ ይሄዳል፣ ሽታውም ወደ ደረቀ አበባ፣ ወደ ቆዳና ወደ ትምባሆ ይለወጣል።

ስለዚህ የባሮሎ ነገር የትዕግሥት ነገር ነው። ሕጉ ራሱ ወይኑ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 38 ወር እንዲቆይ፣ ከዚያም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል እንዲያሳልፍ ያዝዛል። ሪዘርቫ ለሚባለው 62 ወር ነው። እሱም መነሻው እንጂ መድረሻው አይደለም። ጥሩ ባሮሎ 10 ዓመት ሳይሞላው ቢከፈት ገና ያልተናገረውን ሰው ማቋረጥ ነው፤ ከታላላቆቹ 30 ዓመትና ከዚያም በላይ የሚዘልቁ አሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የምትፈልጉት ለዚህ ሳምንት እራት ከሆነ ላንጌ ኔቢዮሎ የሚባለውን ግዙ። ዘሩ ያው ነው፣ ዋጋው በብዙ ያንሳል፣ በወጣትነቱም ይጠጣል። ባሮሎ መግዛት ያለበት መቆየት የሚችል ሰው ነው።

ስትመርጡ ኮረብታውን ጠይቁ። ከላ ሞራና ከራሱ ከባሮሎ መንደር የሚመጣው በአመዛኙ ለስላሳ፣ ቶሎም የሚከፈት ነው፤ የሴራሉንጋና የሞንፎርቴ ግን ኮስታራ ነው፣ ብዙ ዘመንም ይጠይቃል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የየማሳው ስምና ድንበር በሕግ ተወስኗል፤ ካኑቢ፣ ብሩናቴ፣ ቡሲያ የሚሉትን ጠርሙሱ ላይ ታነባላችሁ። ታዋቂ የማሳ ስም ግን ብቻውን አያድንም። ቡሲያ እጅግ ሰፊ ነው፤ ጥሩውም መካከለኛውም ተዳፋት በአንድ ስም ይጠራል።

ከኮረብታው ይልቅ ግን እኔ የጠማቂውን እጅ አስቀድማለሁ። በ1980ዎቹ በዚያ አገር አባትና ልጅ በወይን ተጣልተዋል። ኤልዮ አልታሬ የተባለው የላ ሞራ ሰው ፈረንሳይ አገር፣ ቡርጎኝ ሄዶ የሚሠራበትን መንገድ አይቶ ተመለሰ፤ በ1983 የአባቱን ትልልቅ አሮጌ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ቆራረጣቸው። አባቱም ውርስ ነፈጉት። እነ አልታሬ ወይኑ ከልጣጩ ጋር የሚቆይበትን ጊዜ ከሳምንታት ወደ ጥቂት ቀናት አሳጠሩ፣ ባሪክ በሚባለው ትንሽ የፈረንሳይ በርሜልም አሳደሩት፤ ቶሎ የሚለዝብ ወይን ወጣላቸው። በወዲያኛው ወገን የነበሩት ሽማግሌው ባርቶሎ ማስካሬሎ ደግሞ በገዛ እጃቸው በሚስሉት የጠርሙስ ወረቀት ላይ ባሪክንም ፖለቲከኛውን ቤርሉስኮኒንም አልፈልግም ብለው ጻፉ። እኔ ልቤ ከማስካሬሎ ጋር ነው፤ ዘመን የሚሻገረው ወይን በዚያ በቀርፋፋው መንገድ ይሻላል እላለሁ። ሆኖም ወጣቶቹ የምድር ቤቱን ንጽሕና አስተምረዋል፣ ከአንድ ግንድ ብዙ ፍሬ አለመሰብሰብንም አጥብቀዋል። ይህ ሊነፈጋቸው አይገባም። ዛሬ ሁለቱ ወገኖች ተቀራርበዋል። እናንተ ግን ሻጩን «ከልጣጩ ጋር ስንት ቀን ቆየ? በትልቅ በርሜል ነው ወይስ በትንሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ካገኛችሁ ደንበኛ አድርጉት።

የማስካሬሎ ወይን ዋጋው ለብዙዎቻችን የማይቀመስ ነው። አይክፋችሁ። ከአልባ ወዲያ ማዶ ባርባሬስኮ የሚባል መንደር አለ፤ ዘሩ ያው ኔቢዮሎ ሲሆን ወይኑ 26 ወር ከሞላው ለገበያ ይወጣል። በ1958 የመንደሩ ቄስ 19 ትንንሽ ገበሬዎችን ሰብስበው የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ የመጀመሪያዎቹንም ወይኖች የሠሩት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ወይኑ ዘመን የሚቆይ፣ ዋጋውም ከእውነት ያልራቀ ነው። አቅማችሁን የምታውቁ ከዚያ ጀምሩ።

የለቀማው ዓመትም ዋጋ አለው። 2010፣ 2013 እና 2016 የሚመሰገኑ ናቸው፤ 2014 ዝናብ ያስቸገረው ነበር። ግን ከመካከለኛ ዓመት የታታሪ ሰው ወይን ከመልካም ዓመት የሰነፍ ሰው ወይን ይበልጣል።

እጅግ የረከሰ ነገር ስታዩ ተጠንቀቁ። አተርፍ ባይ አጉዳይ። በ1986 በዚያው በፒየሞንቴ፣ ርካሽ ወይን ላይ ሜታኖል የቀላቀሉ ሰዎች ከ20 በላይ ነፍስ አጥፍተዋል። ባሮሎ ስትገዙ አንገቱ ላይ ያለውን የመንግሥት ማኅተም ሳታዩ አትክፈሉ።

አሁን ወደሚያስቆጨኝ ነገር ልምጣ። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል። ስንት ቤት ገብቼ አይቻለሁ፤ ባሮሎው ሳሎን ውስጥ ከቡፌው መስተዋት ኋላ፣ ከውስኪው ጎን ቆሞ፣ አምፖሉ ከላይ እያሞቀው ለእንግዳ ይታያል። ቡሹ ይደርቃል፣ አየር ይገባል፣ ወይኑ ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። ጠርሙሱን አጋድማችሁ፣ ብርሃን በማይደርስበት፣ ሙቀቱ በማይለዋወጥበት፣ ቢቻል ከ12 እስከ 14 ዲግሪ በሆነ ስፍራ አኑሩት። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌላችሁ ከታመነ ነጋዴ ዘንድ የቆየውን ገዝታችሁ ባመጣችሁበት ወር ጠጡት።

ልትከፍቱት ሲቃረብ አንድ ወይም ሁለት ቀን አቁሙት፤ አተላው ይረጋ። ከዚያ በቀስታ ወደ ሌላ ንጹሕ የመስተዋት ዕቃ ገልብጡት፣ አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስም አቁሙ። ወጣት ከሆነ ሁለት ሦስት ሰዓት አየር ይንካው፣ በጣም ያረጀውን ግን ብዙ አታቆዩት። አልኮሉ ብዙውን ጊዜ 14 በመቶ ይደርሳል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፣ ወይንም እንዲሁ ነው፤ ለስድስት ሰው አንድ ጠርሙስ በቂ ነው።

ከምግብ ጋርም አስታርቁት። በርበሬ ታኒኑን ያኮሳትረዋል፣ አልኮሉንም ያቃጥለዋል። ቅመም ያልበዛበት የበግ ጥብስ ወይም ለረጅም ሰዓት የበሰለ የበሬ ሥጋ ይስማማዋል፤ የላንጌ ሰዎች ራሳቸው ሥጋውን በባሮሎ ዘፍዝፈው ያበስሉታል። የዶሮ ወጡ ቀን ግን ባሮሎውን ተዉት፣ ጠጁን አቅርቡ።