ከቀዩ ጋር አረንጓዴው

ወገኖቼ፣ በቡና ለቀማ ሰሞን ከፋ ውስጥ ማንኪራ ጫካ የገባ ሰው የለቃሚውን እጅ ይመልከት። አንዱ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጎ የቀላውን ፍሬ ብቻ እየመረጠ ቅርጫቱ ውስጥ ይጥላል። ሌላው ከሥሩ ጨብጦ እስከ ጫፉ ይመለምለዋል፤ ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ቅጠሉም አብሮ ይወርዳል። ምነው ብትሉት «ሌላ ሰው ይቀድመኛል» ይላችኋል። ስስት ከጥጋብ የሚመጣ ይመስለን ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን ከፍርሃት ሲመጣ ነው።

ይህን ከደራሲው ከሐዲስ ዓለማየሁ አብልጦ ያስተማረኝ ሰባኪ የለም፤ ሰባኪ ሆኜ ይህን ማለት ቢከብደኝም። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እዚሁ ጎጀብ አካባቢ ለጣልያን ጦር እጃቸውን ሰጡ፤ አብረዋቸው የዘመቱት ሐዲስም ተማርከው ጣልያን አገር ታሰሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን ያሳተሙት ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይተው፣ በ1958 ዓ.ም. ነው።

በመጽሐፉ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ አልራባቸውም። ሆኖም ባላገሩን ከልማዱ በላይ አምጣ ይሉታል፤ ባላገሩ ያምፃል፤ ሊቀጡት የዘመቱት ጌታ ራሳቸው ይማረካሉ። የፈለጉት እህሉን አልነበረም፣ ጌትነታቸው እንዳይረሳ ነው።

ፊታውራሪን መኰነን ቀላል ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የውድነሽ በጣሙ ነገር ነው። ደግ እናት ናት። ልጇ በዛብህ እንዳይሞትባት ፈርታ፣ ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን ያገለግላል ብላ ተሳለች። ልጁን ማን ጠየቀው? ፍሬው ገና አልቀላም ነበር። አድጎ የፊታውራሪን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ፣ ያልተዋዋለው ዕዳ ጀርባው ላይ ነው። የፊታውራሪ እጅና የውድነሽ እጅ፣ እፈራለሁ፣ አንድ እጅ ነው፤ ነገን ከእግዚአብሔር ቀድሞ ለመያዝ የቸኰለ። በሉቃስ 12 ያለው ባለጠጋም ሰፊ ጎተራ ሊሠራ ያሰበው ለነገ ነበር፤ ነፍሱ ግን በዚያችው ሌሊት ተፈለገች።

ከእኛስ መካከል እንደ ውድነሽ ተስለን «ቡናዬ ዋጋ ካወጣ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ አገባለሁ» ያልን ስንት ነን? ጥላው መልካም ነው። «ካወጣ» የምትለዋ ቃል ግን ከጥላው ትከብዳለች።

ባለፈው ሳምንት እኔም ለቀማ ወጥቼ ነበር። የጎረቤቴን ድምፅ ከማዶ ስሰማ እጄ ቅርንጫፉን እስከ ጫፉ መለመለው። ቤት ደርሼ አልጋው ላይ ሳሰጣው፣ ግማሹ አረንጓዴ ነው።